እትዬ ዜማና የጣቶቹ መዝሙር

እትዬ ዜማ የሚለውን ስም ያወጡላት ልጆች ናቸው። ትክክለኛ ስሟ መዝገብ ቤት ፋይሏ ላይ ተጽፏል፤ ከፋይሉ ውጭ ግን የሚጠራት የለም። ርዕሰ መምህሩ እንኳ ደብዳቤ ካልጻፉላት በቀር «እትዬ ዜማ» ነው የሚሏት። አንደኛ ክፍልን ሃያ ሁለት ዓመት አስተምራለች፤ ያውም በአንዲት ክፍል፣ በኮሪደሩ ጫፍ፣ መስኮቶቿ ወደ ውሃ ቧንቧዎቹ በሚያዩት። የክፍሏ ሰሌዳ ከላይ ትናንት የተቀባ ይመስላል፤ ከታች፣ ትንንሽ እጆች በሚደርሱበት በኩል፣ ተፍቆ ተፍቆ ግራጫ ሆኗል።

እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ መዝሙር የሚሠራ ነገር የለም። ሰልፍ የሚያዘው፣ እጅ የሚታጠበው፣ ደብተር ከቦርሳ የሚወጣው በመዝሙር ነው። ከሁሉ የሚገርመው የጸጥታው መዝሙር ነው። እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ይሄድና መጨረሻ ላይ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ያኔ አርባ ሁለት ልጆች ትንፋሻቸውን ውጠው ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ጎረቤት ክፍል ያለው መምህር እየጮኸ ያላገኘውን ጸጥታ እሷ እያንሾካሾከች ታገኘዋለች። ጨዋታዋም ብዙ ነው። የለስላሳ ክዳን ሰብስባ በእያንዳንዱ ላይ ፊደል ጽፋለች፤ ወለሉ ላይ ትበትነውና ልጆቹ እየተንበረከኩ የስማቸውን ፊደል ይለቅማሉ። መጀመሪያ ስሙን የሞላ ሌላውን ይረዳል እንጂ «አንደኛ ወጣሁ» ማለት ክልክል ነው።

ይህን ሁሉ ዜማ ከየት እንዳመጣችው የሚያውቅ ግን ጥቂት ሰው ነው። እትዬ ዜማ ተብታባ ናት።

ሰባት ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን ከማድቤት ሮጣ ወደ አባቷ ዘንድ ገባች። አባቷ ራዲዮ ጠጋኝ ነበሩ፤ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ሆዳቸው የተዘረገፈ ራዲዮኖች ከበዋቸው ይውላሉ። «ድ… ድ… ድ…» አለች። አባቷ መበየጃቸውን አስቀምጠው ጠበቁ። «ድ… ድ…» የአንገቷ ሥር ተገታተረ፣ እንባዋ ግጥም አለ።

«በይ ተይው፤ በዜማ ንገሪኝ» አሏት። ሐሳቡ ከየት እንደመጣላቸው እሳቸውም አያውቁም።

እሷም እያለቀሰች «ድስቱ አረረ፣ ድስቱ አረረ» ብላ ዘመረችው፤ አንድም ቦታ ሳይዛት። ድስቱ ከሰል ሆኖ ነበር። አባቷ ግን ያን ቀን ጦማቸውን ውለው እንኳ የጠገቡ ያህል ደስ ብሏቸው ነበር።

መምህርት እሆናለሁ ስትል ያልሳቀ ዘመድ የለም። «ስም ጠርታ ሳትጨርስ የመውጫ ደወል ይደወላል» ብሎ የቀለደው አጎቷ ነው። ከልጆች ጋር ግን ሌላ ሰው ሆነች። ለልጅ ስታወራ ግማሹ ዜማ፣ ግማሹ ንግግር ስለሆነ ምላሷ የሚይዝበት ቦታ አጣ። ትልቅ ሰው ፊት ስትቆም ግን ያው ናት። የመምህራን ስብሰባ ላይ ለድምፅ ብልጫ ካልሆነ እጇን አታነሳም። ወላጅ ሲመጣ ፈገግ ትላለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ የልጁን ደብተር ገልጣ በጣቷ ታሳያለች። «ጨዋ ሴት ናት» ይሏታል። እሷ ግን ጨዋነት ሳይሆን ምን እንደሆነ ታውቀዋለች።

ኔትወርክ የመጣው ማስተማር በጀመረች በሃያኛው ዓመቷ ላይ ነው። ኔትወርክ የአንደኛ «ለ» አዲሱ መምህር ነው፤ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሜዳው መሃል ሲዞር ያዩት ተማሪዎች ስሙን ወዲያው ሰጡት። ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የገባለትና አንድ ፕሮጀክተር ያገኘው በዚያው ሰሞን ነበርና ልጁ ፕሮጀክተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ክፍሏ ድረስ መጣ።

«እትዬ፣ ኢንተርኔት ላይ እኮ የሌለ ነገር የለም። መዝሙር ቢሉ፣ ጨዋታ ቢሉ፣ የሚታተም ካርድ ቢሉ! እርስዎ ድምፅዎን ለምን ይጨርሳሉ?»

ግድግዳው ላይ ቁጥር የሚቆጥር ድብ አሳያቸው። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው አዩ። ድቡ አጨብጭቡ አለ፤ እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተኛ ቀረ። ድቡ «ጎበዞች!» አላቸው፤ አንድም ልጅ አላጨበጨበም ነበር።

«ጥ… ጥሩ ነው» አለች እትዬ ዜማ ልጆቹ ከወጡ በኋላ። «ግን አ… አይጠብቃቸውም።»

ኔትወርክ ያልታሰበ ጠባይ ነበረው፤ አልተከፋም። ማግስቱን መልሶ መጣና ቪድዮውን እያቆመ፣ እየጠበቀ፣ ድምፁን አጥፍቶ ልጆቹ ራሳቸው ድምፅ እንዲሰጡት እያደረገ ሞከረ። ያኔ ክፍሉ ነፍስ ዘራ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ የሥራ ጓደኛ ሆኑ። እሱ ከኢንተርኔት የእንስሳት ድምፅ፣ ፊደል ከሥዕል የሚያዛምዱበት ጨዋታና የሚታተሙ ካርዶች ይለቅማል፤ እሷ ትመርጣለች፣ ትቆርጣለች፣ ትቀይራለች። ለአባቷ ስትነግራቸው ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ «ልጅ ሆነሽ ራዲዮኑን ስታዋሪ፣ የራዲዮው ሰው አይሰማሽም ብዬ ነግሬሽ አልነበር? ይኸው ድቡም እንደዚያው ነው» ብለው ሳቁ።

የጣቶቹን መዝሙር እንቅዳው ያለው ኔትወርክ ነው። የእሷ የራሷ መዝሙር ነው። ልጆቹ ሁለት እጃቸውን ጨብጠው ይጀምራሉ፤ ጣቶቹ ተኝተዋል።

«አንድ ተነሳ፣ ዓይኑን አሸ፣
ሁለትን ቀሰቀሰ።
ሁለት ተነሳ፣ ወገቡን ፈታ፣
ሦስትን ቀሰቀሰ…»

እንዲህ እያለ አስር ይደርስና አስሩም ጣቶች ቆመው፣ አርባ ሁለት አፍ በአንድ ጊዜ «ነጋ!» ይላል።

በዚያ ዓመት ከነበሩት ልጆች አንዱ ቆይ ይባላል። የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ ጫማውን ግራና ቀኝ ቀያይሮ የሚመጣ ልጅ ነው። ስሙን ያገኘው ከአፉ ነው። ሰሌዳ ሲጠፋ «ቆይ!» ሰልፍ ሲሄድ «ቆይ! አልጨረስኩም!» ይላል። ሰነፍ አልነበረም፤ ነገሩን ሁሉ እስከ መጨረሻው ካላደረሰ አይለቅም። የቀለበት ጣቱ ብቻዋን አልቆም ስለምትለው በሌላኛው እጁ ያነሳታል፤ ያን ጊዜ ያነሳው ሌላኛው ጣት ይተኛበታል። ስለዚህ የጣቶቹን መዝሙር ሁልጊዜ ከሁሉም ዘግይቶ ይጨርሳል።

የተቀዳ ቀንም እንዲሁ ሆነ። ሁሉም «ነጋ!» ብለው ጨረሱ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ኔትወርክ ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻውን መጣ፦ «ቆይ! ዘጠኝ ተነሳ… ዓይኑን አሸ… አስርን ቀሰቀሰ… ነጋ!» ከዚያ የአርባ አንድ ልጅ ሳቅ፣ መጨረሻም የእሱ የራሱ ሳቅ።

«እንድገመው?» አለ ኔትወርክ፣ ልጆቹ ለእረፍት ከወጡ በኋላ።

እትዬ ዜማ ራሷን ወዘወዘች። «ይ… ይኸኛው ነው።»

ቀረጻው መጀመሪያ የወላጆች ግሩፕ ላይ ወጣ፤ ኔትወርክ ቀጥሎ ለአንደኛ ክፍል መምህራን በከፈተው ቻናል ላይ ጫነው። በአንድ ወር ውስጥ ከአሥራ ስምንት ሺህ በላይ ሰው ሰማው። ስሙን ሰምታ ከማታውቀው ከተማ አንዲት መምህርት «የኔ ክፍልም ውስጥ ቆይ አለ፤ ዛሬ ጠበቅኩት» ብላ ጻፈች። ልጆች መንገድ ላይ «ቆይ! ዘጠኝ ተነሳ!» እየተባባሉ ይሯሯጡ ነበር። የቆይ እናት ልብስ ሰፊ ናት፤ ለመለካት ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ስልኳን ከፍታ «ይሄ የመጨረሻው የኔ ነው» ትል ነበር። እትዬ ዜማም በሰው ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በቅጡ ጨርሳ የማታውቅ ሴት፣ ድምፅዋ በማታውቃቸው ሰዎች ቤት እንደሚሰማ ስታስብ እንደ መኩራት አደረጋት። እንዲህ ያለ ኩራት ቀምሳ አታውቅም ነበርና ከአባቷ በቀር ለማንም አልተናገረችም።

ቆይ የሞተው ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት በተዘጋበት ጊዜ ነው። አርብ ራሴን አለ። ቅዳሜ ትኩሳቱ አልወርድ አለ። እሁድ ሆስፒታል ሲያደርሱት አንገቱ ደርቆ ነበር፤ ማጅራት ገትር ነው ተባለ። ሐኪሞቹ የሚያደርጉትን ሁሉ አደረጉ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዐረፈ። ስድስት ዓመት ከአምስት ወሩ ነበር።

እትዬ ዜማ ልታጽናና ሄደች። እናትየው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አባትየው፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ በሩ አጠገብ ቆሞ የሚገባውን ሰው ይቀበላል። «ያጽናችሁ» ለማለት አፏን ከፈተች። አልወጣም። «ያ… ያ… ያ…» ሰው ዞሮ አያት። አባትየው እጇን ያዘና «ገባኝ፣ እትዬ» አላት። አንድ ሰዓት ያህል ከሰው ጋር ተቀምጣ ወጣች።

ትምህርት ሲከፈት ልጆቹ ከወላጆቻቸው ሰምተው ነበር፤ ግን አንደኛ ክፍል ናቸውና መስማትና ማወቅ አንድ አልሆነላቸውም። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «እትዬ፣ ቆይ መቼ ነው የሚመጣው?» አጠገቧ ያለው ልጅ «ሞቷል እኮ። የሞተ አይመጣም» አላት። «ነገም?» አለች ልጅቷ።

ኔትወርክ ለልጆች ስለ ሞት እንዴት እንደሚነገር ከኢንተርኔት አውጥቶ አትሞ ሰጥቷት ነበር፤ ሦስት ገጽ። አንብባዋለች፤ መልካም ነገር ነበረበት። በዜማ ብትነግራቸው እንደማይይዛት ታውቃለች። ግን ይህን በዜማ መናገር አልፈለገችም። ወንበሯን ወደ ልጆቹ ጠጋ አድርጋ ተቀመጠች።

«ቆይ አ… አ… አይመጣም» አለች። «ነ… ነገም። ታ… ታመመ። ሞ… ሞተ።»

ልጆቿ ስትንተባተብ ሰምተዋት አያውቁም። ማንም አልሳቀም። እስክትጨርስ ጠበቋት። ስትጨርስ፣ ያችው የጠየቀችው ልጅ ተነስታ መጥታ የመምህርቷ ጭን ላይ እጇን አሳረፈች፤ ሌሎቹም ተከትለው መጡ፤ ያን ጠዋት ሌላ ትምህርት አልነበረም።

ትምህርት በተከፈተ በአምስተኛው ሳምንት እናትየው መጣች። የመውጫ ደወል ተደውሎ ክፍሉ ባዶ ነበር። ጥቁር ለብሳ፣ በሩ ላይ ቆመች፤ ግቢ ብትላት አልገባም አለች።

«አንድ ነገር ልለምንዎት ነው የመጣሁት» አለች። «ያንን መዝሙር ያጥፉልኝ።»

እትዬ ዜማ የያዘችውን ጠመኔ አስቀመጠች።

«ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው የሕፃናት ልብስ መደብር በትልቅ ድምፅ ማጉያ ነው የሚያጫውተው። ቀኑን ሙሉ። ቤት ስገባ ከጎረቤት መስኮት ይሰማኛል። ታክሲ ውስጥ አንዷ ለልጇ ከፈተችለት፤ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።» ድምፅዋ ረጋ ያለ ነበር፤ ያስፈራው ርጋታው ነው። «ሁልጊዜ ‹ነጋ› ይላል፣ እትዬ። ይስቃል። መቀሱን ይዤ እቆማለሁ። ለኔ አልነጋም እኮ! ሰዎቹ ክፉ አይደሉም፣ አያውቁም። ግን እኔ በቀን ስንቴ ልቅበረው?»

«አ… አጠፋዋለሁ» አለች እትዬ ዜማ። ይህን ያለችው ወዲያው ነው፤ እንዴት እንደምታደርገው ሳታስብ።

ኔትወርክ በዚያው ሰዓት ከቻናሉም ከግሩፑም አነሳው። ከዚያ አንገቱን አከከ። «ችግሩ፣ እትዬ፣ ሰው ወደየስልኩ አውርዶታል። ኢንተርኔት ላይ የወጣ ነገር የፈሰሰ ውሃ ማለት ነው። ማስታወቂያ ልጽፍ እችላለሁ፤ የሚሰማ ይሰማል።»

«ጻፍ» አለችው። «እዚህ ያ… ያለውን እኔ እሄድበታለሁ።»

ኔትወርክ በትክክል የሰማ አልመሰለውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከወላጅ የሸሸች ሴት ቤት ለቤት ልትዞር ነው። «እኔ ልሂድልዎ» አላት። እምቢ አለች። ድምፁን የለቀቀችው እሷ ናት፤ «ይኸኛው ነው» ያለችው እሷ ናት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ ዞረች። ወላጆች ቤት ሄደች፣ ሁለት መዋዕለ ሕፃናት ሄደች፣ ፀጉር ቤት ሄደች። አብዛኛው ሰው ነገሩ ሲገባው ስልኩን አውጥቶ እፊቷ ያጠፋ ነበር። አንዳንዱ ተከራከረ። የአንዱ መዋዕለ ሕፃናት ባለቤት «ልጆቻችን ይህን ካልሰሙ ምሳ አይበሉም» አለቻት፤ ሌላ መዝሙር፣ ስለ ማንኪያ የሚል፣ እዚያው ተቀምጣ አስተምራቸው እስክትወጣ ድረስ አልለቀቀቻትም።

የልብስ መደብሩን ለመጨረሻ ያቆየችው ፈርታ ነው። ባለቤቱ ወፍራም፣ ችኩል ሰው ነው፤ አንዱን ደንበኛ እያነጋገረ ሌላውን የሚሸኝ። መዝሙሩ በሩ ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ ይወጣል። የራሷ ድምፅ «አንድ ተነሳ» እያለ ተቀበላት።

«ምን ልታዘዝ?»

«መ… መ… መ…»

«መጠን? ስንት ዓመት ነው ልጁ?»

ራሷን ወዘወዘች። «መዝ… መ…»

«መዝጊያ? ዚፕ ብቻውን አንሸጥም።»

አንዲት ደንበኛ ፈገግ አለች። ከኋላ መዝሙሩ ስድስት ደርሷል። እትዬ ዜማ ማድረግ የምትችለውን ታውቀዋለች፤ በዜማ ብትለው በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። እዚያው መደብር መሃል፣ ከራሷ ድምፅ ጋር አብራ። ግን የሞተ ልጅ ነገር ይዛ ለመዘመር አልመጣችም። የመደርደሪያውን ጠርዝ ያዘች።

«ይ… ይጠብቁኝ» አለች። «እ… እናገራለሁ። ግን ይጠብቁኝ።»

ሰውየው አያት። ምናልባት በዕድሜው እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እጁ ላይ የነበረውን ካልሲ አስቀመጠ።

«መ… መዝሙሩ ውስጥ፣ መ… መጨረሻ ላይ የሚስቀው ልጅ…» ከኋላዋ ሁሉም «ነጋ!» አሉ። ጸጥ አለ። ቀጥሎ «ቆይ!» አለ ልጁ። «እ… እሱ ሞቷል። እ… እናቱ ማዶ፣ ል… ልብስ ሰፊዋ ናት።»

ሰውየው በመስታወቱ በኩል ማዶውን አየ። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ በር ግማሹ ተዘግቶ ነበር። ሄዶ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ከግድግዳው ነቀለው፤ ማጥፊያውን መጫን እንኳ አልታየውም። «ሁለት ወር ሙሉ…» አለና አፉን በመዳፉ ያዘ። «ጎረቤቴ ናት እኮ። ቀና ብላ ሰላም ማለት ስታቆም ኮርታ ነው ያልኩት።»

እትዬ ዜማ ራሷን ዝቅ አድርጋ አመሰገነችውና ወጣች። ሸክሙ ያለቀላት መስሏት ነበር። ገና ነበር።

በሳምንቱ፣ ሐሙስ ቀን፣ አባትየው በሥራ ልብሱ እንዳለ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቃት። ያ «ገባኝ» ብሎ እጇን የያዘ ሰው ፊቱ ተቆጥቶ ነበር።

«ማነው ያጠፋው?»

«እ… እኔ።»

«ለምን? ማን አዘዘዎት?» ከዚያ ቁጣው ከላዩ ላይ እንደ ኮት ወለቀና እግሩን ማየት ጀመረ። «የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሰው ከወረደ በኋላ፣ ተመልሶ እስኪሞላ ድረስ ስምንት ደቂቃ አለኝ። ያኔ ከቻናሉ ላይ እከፍተው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ መስመሩ ተቋርጦ ነው እያልኩ ስሞክር ነበር። ወደ ስልኬ አላወረድኩትም፤ ይጠፋል ብዬ መቼ አስቤ። የእሱ ድምፅ ያለበት ሌላ ነገር የለኝም፣ እትዬ። ፎቶ አለን። ድምፅ ግን ያ ብቻ ነው።»

ሚስቱ መጥታ እንደለመነች አያውቅም ነበር። እሷም እሱ እንደሚሰማ አታውቅም። ሁለት ወር ከምናምን ቀን በአንድ ቤት ኖረው የልጃቸውን ስም አንዱ ለሌላው አላነሳም፤ እያንዳንዱ ሌላውን እንዳያደማ ብሎ።

እትዬ ዜማ የመጀመሪያው ቅጂ ኔትወርክ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። በሚስጥር መስጠት ቀላሉ መንገድ ነበር። ይህን አሰበችውና እናትየው በሩ ላይ የቆመችበት አቋቋም መጣባት።

«ወንድሜ» አለችው፣ «አ… አባቱ ነህ፤ አልከለክልህም። ከ… ከእሷ ተደብቄ ግን አልሰጥህም። ና፣ አ… አብረን እንሂድ።»

የስፌት ሱቋ ሁለት ሰው ከገባ የሚሞላት ናት። እናትየው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እየሰፋች ነበር። ባሏን ከመምህርቷ ጋር ስታይ ማሽኑን አቆመች። እትዬ ዜማ ለመናገር አፏን ስትከፍት ሹፌሩ ቀደማት።

«እኔ እሰማው ነበር» አለ። «መዝሙሩን። በየቀኑ።»

ሚስቱ ከማሽኑ ቀና አለች። «አንተ?»

«መጨረሻ ፌርማታ ላይ።»

«እኔ እኮ የረሳኸው መስሎኝ ነበር» አለች። «ሥራ ትሄዳለህ፣ ትመጣለህ፣ ትበላለህ። አምላኬ፣ ይሄ ሰው ረስቶታል እያልኩ ነበር!»

«አንቺ ደግሞ ፎቶውን ከግድግዳ አወረድሽው።»

«አላወረድኩትም። እዚህ ነው ያለው።» የማሽኑን መሳቢያ ሳበች። ከክር ጥቅልሎቹ ሥር፣ በስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ነበር።

እትዬ ዜማ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየችም፤ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገጥማ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ማዶ፣ መደብሩ በር ላይ፣ ድምፅ ማጉያው ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ከውስጥ የሁለት ሰው ለቅሶ ይሰማ ነበር፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ አብረው ሲያለቅሱ ያ የመጀመሪያቸው መሆኑን ኋላ ነገሯት። እናትየው በሩን ስትከፍት ዓይኗ አብጦ ነበር። «ይስጡት» አለች። «ይስማ። እኔ ግን እንዳልሰማ። ቤት ውስጥም፣ በስህተትም። ምናልባት አንድ ቀን። ምናልባት መቼም።»

ኔትወርክ ቀረጻውን በአንዲት የስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ አድርጎ ለአባትየው ሰጠው፤ ከኮምፒውተሩም አጠፋው። ሹፌሩ የጆሮ ማዳመጫ ገዛ።

የጣቶቹ መዝሙር ከዚያ ክፍል ወጣ። ልጆቹ አንዳንዴ ሜዳ ላይ ራሳቸው ይጫወቱታል፤ አልከለከለቻቸውም፤ እሷ ግን አታስጀምረውም። ሩቅ አገር ያሉ መምህራን «ምነው ጠፋችሁ? ሌላ መዝሙር የለም ወይ?» ብለው ለኔትወርክ ይጽፉ ነበር። አንድ ዓመት ያህል እሺ አላለችም። ከዚያ አንድ ደንብ አወጣች፦ የልጅ ድምፅ አይቀዳም። ቻናሉ ላይ አሁን ያለው የእሷ ድምፅ ብቻ ነው። መዝሙሩን ትዘምረዋለች፤ ጨዋታው እንዴት እንደሚካሄድ ደግሞ በንግግር ታስረዳለች፣ መንተባተቧ ሳይቆረጥ። ኔትወርክ «የተያዘችበትን ላውጣው?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «ተ… ተወው» አለችው። የመጀመሪያው ሲወጣ የሳቁ ሰዎች ነበሩ፤ ጽፈውም ነበር። አነበበችው። ቀኑን ሙሉ ከፋት። በማግስቱ ሁለተኛውን ቀዳች።

አባቷ በዚያው ዓመት ማለቂያ ዐረፉ። አልጋቸው አጠገብ ሆና የመጨረሻዋን ቀረጻ ከኔትወርክ ስልክ ላይ አሰምታቸው ነበር። «ይሄኛው ጣቢያ ጥርት ብሎ ይይዛል» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ አሁንም በትምህርት ቤቱ በኩል አታልፍም፤ ዙሪያውን ትሄዳለች። መንገድ ላይ ሲገናኙ ከእትዬ ዜማ ጋር ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፤ ስለ ጤና ተጠያይቀው ይለያያሉ። ከዚያ በላይ የሚወራ ነገር የላቸውም፤ ሁለቱም ያውቁታል። ሹፌሩን ግን ቶሎ ቶሎ ታየዋለች። ዝናብ ሲሆን በእሱ አውቶቡስ ትሳፈርና ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ስለ መንገዱ መበላሸት፣ ስለ አዲሱ ድልድይ፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራሉ። አንድ ቀን እንቅልፍ ይዟት መጨረሻው ፌርማታ ድረስ አብራው ሄደች። ሰው ሁሉ ወርዶ ነበር። ስትነቃ ሞተሩ ጠፍቷል፣ እሱ በመስታወቱ ዝናቡን ያያል። መንቃቷን ሲያይ ጆሮው ላይ የነበረውን ማዳመጫ ቀስ ብሎ አውልቆ ኪሱ ከተተ። እሷም የተኛች መስላ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች፤ ሰዎች መሳፈር እስኪጀምሩ ድረስም አልከፈተችውም።